ፊልሙ ላይ የሌለው ለቅሶ

ሰኔ በመጣ ቁጥር፣ የጦርነቱ መታሰቢያ ሲከበር፣ ያንን ፊልም በቴሌቪዥን ያሳዩታል። እዚህ የጃፓን ደሴታችን ኦኪናዋ ውስጥ ያላየው ሰው የለም። ጎረቤቶቼ፣ «ባልሽ እኮ ከዋናው ተዋናይ ይበልጣል!» ይሉኛል። እኔ ግን የዋሻው ትዕይንት ሲደርስ የልጄን ክንድ አፈፍ አደርጋለሁ። ፍርሃቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ፊልሙ ሲሠራ ልጃችን ፉሚ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ዳይሬክተሩ ከቶኪዮ መጥቶ ከሸንኮራ አገዳ እርሻችን ጥግ ያለውን ዋሻ መረጠና፣ የመንደሩን ሰው ከጦርነት የሸሸ አስመስሎ አስገባን። ባሌ ሴይቶኩ ከአሜሪካኖች ጋር በነበረው ጦርነት ጊዜ ወታደር ሆኖ እንዲህ ያለ ዋሻ ውስጥ ከርሟል። ስለዚያ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

«እርስዎ ልጅቷን ይያዙ» አለው ዳይሬክተሩ። «መኮንኑ ሲጮህ ደንግጣ ታልቅስልን።»

«ይቺ? ማንም ሳይጮህባትም ታለቅስልዎታለች!» አልኩት። ሰዉ ሳቀ።

መብራቱን ቀነሱት። መኮንን ሆኖ የሚጫወተው ወጣት ጎራዴውን መዞ፣ «ያንን ሕፃን ዝም አሰኙ! ጠላት ከላያችን ነው!» ብሎ አምባረቀ። ፉሚ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ወዲያው ድምጿ ቁርጥ አለ።

ዞር ስል የሴይቶኩ መዳፍ አፏንም አፍንጫዋንም ከድኗል።

«ሴይቶኩ! ልቀቃት!» ክንዱን ጎተትኩት፤ ፍንክች አላለም። ነከስኩት፤ አልተሰማውም። ዓይኑ ወደ እኔ ነው፣ ግን አያየኝም። «ዝም በይ... ይሰሙናል...» ይላል በሹክሹክታ። የፉሚ እግሮች መወራጨት አቆሙ። ሰዉ ሁሉ ትወና መስሎት ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ ካሜራውም ይቀርጻል። ልጄ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው።

ምን እንደመራኝ አላውቅም፣ ጆሮው ሥር ተጠግቼ፣ «ሄዱ» አልኩት። «አሜሪካኖቹ ሄደዋል። አሁን ማልቀስ ትችላለች።»

እጁ ላላ።

«በቃ! ግሩም ነው!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። ፉሚ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ፊልሙ ላይ ለቅሶዋ የለም። ለዚህ ነው ዛሬ የልጆች እናት ሆና አጠገቤ ተቀምጣ እንኳ፣ ፊልሙ እስኪያልቅ ክንዷን የማልለቀው።

ያን ቀን ፉሚን ከእጁ ነጥቄ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ሴይቶኩ ተከትሎኝ ወጣ። ሊጠጋን ፈርቶ ራቅ ብሎ ቆመና የተነከሰ እጁን ያይ ጀመር።

«አለቀሰች?» አለኝ።

«አትሰማትም እንዴ? ይኸው መንደሩን እየቀወጠችው!»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ዋሻው አፍ ዞረ።

«ያቺኛዋስ?» አለ። «ያኔ በጦርነቱ፣ ያቺኛዋስ አለቀሰች?»