የተሰረዘው ክፍል

"አንድ ክፍል ብቻ ነው የቀረን" አለ እንግዳ ተቀባዩ፤ ዋጋውን ወረቀት ላይ ጽፎ አዞረላት።

የሊፍት ጠጋኟ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየችው። የሦስት ወር ደሞዟ ነው። ለአንድ ሌሊት!

"ቁርስም አለው" ብሎ ፈገግ አለ።

"ቁርሱ ወርቅ ነው እንዴ?" አለችው በራሷ ቋንቋ። አልገባውም፤ ሳይገባውም ፈገግ አለ። ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

አራተኛው ሆቴል ነው። ከተማው ውስጥ ትልቅ የማሽን ኤግዚቢሽን ስላለ አልጋ ሁሉ ተይዟል፤ የተረፈውም የሚቀመስ አይደለም። ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሊፍቶቹን የሚሠራው ኩባንያ የሚሰጠው የተግባር ፈተና አለባት። ካለፈች አገር ቤት የምትሠራበት ሆስፒታል ሊፍቶች ሁሉ ኃላፊ ትሆናለች። ከወደቀች ቦታውን ትናንት መፍቻ አያያዝ ያስተማረችው ሰውዬ ይወስደዋል። እንቅልፍ ባላየ ዓይን ደግሞ የሊፍት ፍሬን አይፈታም። የሚያስፈልጋት አንድ አልጋ ነው፤ አንድ!

አንጀቷን ያሳረረው ደግሞ፣ አልጋ ነበራት። መሥሪያ ቤቷ ከወር በፊት ሆቴል ይዞላት ነበር። እዚህ ከተማ ሰባት ዓመት የኖረው ታናሽ ወንድሟ ይህን ሲሰማ በስልክ ጮኸባት። "እኔ ሞቼ ነው ሆቴል የምታርፊው? ሰው ምን ይለኛል? ሦስት መኝታ ክፍል ባዶውን እያደረ!" ይሉኝታ ያዛትና ክፍሉን አሰረዘች። የእናቷ የግድግዳ ጎረቤት የሆኑት አለቃዋ "አስቢበት ልጄ" ብለዋት ነበር። "ወንድሜ ይቀየመኛል፣ ጋሼ" አለቻቸው። እንዳይቀየም! ይኸው አልተቀየመም፤ አውሮፕላን ማረፊያም አልመጣም፤ ስልክም አያነሳም።

ሻንጣዋንና የመፍቻ ቦርሳዋን እየጎተተች ወጣች። የሻንጣው አንድ ጎማ ሁለተኛው ሆቴል ደጃፍ ላይ ተነቅሎ ስለቀረ በየድንጋዩ ይንገጫገጫል። ሰው ዞር ብሎ ያያታል። "እዩኝ!" አለች፤ "ሰው አይታችሁ አታውቁም?"

በአሥራ ዘጠነኛው ጥሪ ወንድሟ አነሳ።

"እትዬ! ደረስሽ? ይቅርታ፣ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውሃ በውሃ ሆነን…"

"የቱ ጋ ነው የፈነዳው?"

"እ?"

"መገጣጠሚያው ላይ ነው? መፍቻ ይዣለሁ፣ መጥቼ አጠብቅልሃለሁ።"

"አይ፣ እሱ እንኳ… አትልፊ እትዬ…"

"ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ነኝ። በግማሽ ሰዓት ካልመጣህ ለእማዬ ነው የምደውለው።"

በሃያ ደቂቃ ደረሰ። አገር ቤት በሚልካቸው ፎቶዎች ምክንያት ሰፈሩ ሁሉ "ባለ ቪላው" የሚለው ወንድሟ ግራጫ የልብስ አጣቢ ቱታ ለብሷል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሷል። ሊያቅፋት ሲጠጋ ሻንጣውን መሃላቸው አቆመችው።

"ቤትህ ውሰደኝ።"

"እትዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር እንቅመስና…"

"ቤትህ አልኩ!"

በአንድ ሱቅ ጓሮ ዞረው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። ክፍሉ መስኮት የለውም። ሦስት የብረት አልጋ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ካልሲ፣ በሩ ጀርባ ላይ የተለጠፈ አንድ ወረቀት። ወረቀቱ ላይ የስድስት ሰው ስም በሰዓት በሰዓት ተደርድሯል፤ ለአንድ አልጋ ሁለት ሰው፣ አንዱ ቀን አንዱ ማታ። የወንድሟ ተራ የቀኑ ነው። እሱ ስለዘገየ ሌላ ሰው ከነጫማው ተኝቶበታል።

"ሦስቱ መኝታ ክፍልስ?" አለች።

"ቅዳሜ ቅዳሜ የማጸዳው ቤት ነው። ባለቤቶቹ ሲወጡ ፎቶ እነሳለሁ።"

"ታዲያ ሆቴሉን ለምን አሰረዝከኝ? አፍህን ብትዘጋ ምን ነበረበት? እኔም ክፍሌ እተኛ፣ አንተም ቪላህ ውስጥ ትኖር ነበር!"

"እህቱ መጥታ ሆቴል አደረች ከሚባል… አንድ ጓደኛዬ ቤቱን ሊለቅልኝ ነበር። ትናንት ማታ ከዳኝ።"

"ከዳኝ? አንተም ከዳኝ ትላለህ?"

የተኛው ሰው በማታውቀው ቋንቋ አጉረምርሞ ወደ ግድግዳው ዞረ። ደሟ ፈላ። ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ በገመድ እየተንጠለጠለች ያስተማረችው ልጅ! ሰባት ዓመት ሙሉ "ደህና ነህ?" ስትለው "አንደኛ ነኝ" እያለ!

ስልኳን አወጣች።

"ለማን ነው?"

"ለጋሼ። ክፍሌን ያስመልሱልኝ።"

"በእናትሽ! ለጋሼ ከነገርሽ ዛሬውኑ እማዬ ጆሮ ይገባል። ተጣላን በይ። ቤቱ ከፈተናው ቦታ ይርቃል በይ።"

"ልዋሽልህ?"

"አንዲት ቃል ብቻ! ሰፈሩ መሳቂያ ያደርገኛል።"

ይርቃል ማለት ቀላል ነበር። ማንም አይጎዳም፤ እሷም አልጋዋን ታገኛለች። ቀና ብላ አየችው። ዓይኑ ደም መስሏል።

"መቼ ነው የተኛኸው?"

"ከትናንት ወዲያ። ዛሬ የሌላ ሰው ፈረቃ ደርቤ ነው ስልክ ያላነሳሁት።"

ልታዝንለት ፈለገች፤ ግን ንዴቷ ጨመረ። ከዋሸችለት ሌላ ሰባት ዓመት እንዲህ ነው የሚኖረው። ደወለች።

"አለሁ ልጄ፣ ደረስሽ? ባለ ቪላው እንዴት ተቀበለሽ?" አሉ አለቃዋ እየሳቁ።

ወንድሟ ሁለት እጁን አጣምሮ ራሱን ነቀነቀ።

"ቪላ የለም፣ ጋሼ። ወንድሜ ቤት የለውም። የሰረዝኩትን ክፍል እንደምንም ያስመልሱልኝ፤ ከደሞዜ ይቆረጥ።"

ሳቁ ቆመ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ቆይ አትዝጊ። ፈታኞቹ ለተፈታኞች የሚያስቀምጡት ክፍል አይጠፋም፣ በሌላኛው ስልክ ልጠይቃቸው" አሉና ሲያወሩ ተሰማት። ጥቂት ቆይተው ተመለሱ። "አለ፣ ልጄ። ለአንድ ሰው አይደል?"

ወንድሟ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል።

"ለሁለት" አለች። "ሁለት አልጋ ያለው ይሁን።"

ስልኩን ዘጋች።

"ተነሳ፣ ልብስህን ሰብስብ" አለችው። "ገና አልጨረስኩልህም።"