ሰማያዊዋ መብራት

ካሜራውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የሰማ ሰው ሁሉ ዕቃውን ይረግማል፣ ዕቃው ግን የተገዛበትን ሥራ ሠርቷል።

አባቴ አባባ ወልደሚካኤል ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቻምበርስ ሮድ ላይ ባለው አፓርታማችን ቀኑን ብቻቸውን ይውላሉ፤ እኔ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማው ላይ፣ አንድ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው የበረዶ ወቅት ራሳቸውን አዞራቸውና ሶፋው ላይ ወደቁ። ያን ጊዜ ነው ሰውን እየተከተለ የሚዞር ካሜራ ልገዛ የተነሳሁት።

የሥራ ባልደረባዬ አኒስ ስልኬ ላይ ለሽያጭ የቀረቡትን ሁለት ካሜራዎች አይቶ ወዲያው ፈረደ።

«ባለ ስፒከሩን ኦርደር አድርግ። ታናግራቸዋለህ፣ ሲናገሩም ትሰማለህ። ልዩነቱ እኮ ሃያ ዶላር ነው።»

«ካየኋቸው ይበቃኛል» አልኩት። «ለሌላው ደግሞ ጎረቤታችን ዛኪያ ቀን ቀን ቤት ናት። ግድግዳውን ቢመቱ ትሰማለች።»

ርካሹን ገዛሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፣ አሁን ሳስበው ያመኛል።

አባባ መጀመሪያ አልወደዱትም። ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን በሄዱ ቁጥር አንገቱን አዙሮ ሲከተላቸው «ይሄ የቀበሌ ሰው ዛሬም አልሰለቸውም?» ይሉኝ ነበር። ኋላ ግን ምስጢሩን ደረሱበት። እኔ ስልኬን ከፍቼ ሳያቸው ካሜራው ግንባር ላይ አንዲት ሰማያዊ መብራት ትበራለች። እሷ ስትበራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይሉልኛል። እኔም እንደማያዩኝ እያወቅኩ፣ መኪና መሀል ቆሜ ጎንበስ እላለሁ።

የስቅለት ዕለት ቤተክርስቲያን ልወስዳቸው ቃል ገብቼ ነበር። ሰው ጎደለና ሥራ ግባ ሲሉኝ እሺ አልኩ።

«ግድ የለም፣ እዚሁ እሰግዳለሁ» አሉኝ። ቅር እንዳላቸው ከድምፃቸው አውቄያለሁ።

ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ እረፍት ነሳኝ። ሲሰግዱ ካሜራው ወደ ታች፣ ሲነሱ ወደ ላይ ይዞራል፤ በየስግደቱም «እንቅስቃሴ ታይቷል» ብሎ ይጽፍልኛል። መልእክቱ መቶ ሲያልፍ አጠፋሁት።

ቀትር ላይ ግን ልቤ አላስችል አለኝና ከፍቼ አየሁ። አባባ ግድግዳው ሥር ምንጣፉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል፣ ነጠላቸው ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። ትንሽ ጠበቅሁ። አልተነሱም። ጸሎቱ ረዝሞባቸው ነው አልኩ፤ ስግደት ላይ ያለን ሰው፣ ያውም በስቅለት፣ ስልክ ደውሎ ማቋረጥ ነውር መሰለኝ። ድምፅ ቢኖረው ትንፋሻቸውን እሰማ ነበር። ዘግቼ ስልኩን ኪሴ ከተትኩት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ቤት ስገባ እንደዚያው ነበሩ።

ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ። ቶሎ ቢመጡ ኖሮ ቀኝ እጃቸው ሳይተርፍ አይቀርም ነበር አሉ።

በፋሲካ ማግስት አንደበታቸው ቀስ በቀስ ሲመለስ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። መጠየቅ አልነበረብኝም፣ ግን ጠየቅኩ።

«ግድግዳውን ለምን አልመቱም፣ አባባ? ዛኪያ እኮ ቤት ነበረች።»

«መታሁ እንጂ፣ በግራ እጄ፣ አንዴ» አሉ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለጉ። «ልደግመው ስል መብራቷ በራች። በአንድ ዓይኔ አየኋት። ልጄ አየኝ፣ እየመጣ ነው ብዬ ተውኩት።»

ብርድ ልብሳቸውን ማስተካከል ያዝኩ። እሳቸው ራሳቸው መልስ ፈለጉልኝ።

«መንገዱ ተዘጋግቶብህ ነው አይደል የዘገየኸው?»

«አዎ፣ አባባ» አልኳቸው።

ይኸው እስከ ዛሬ አላረምኩትም።