ታማሚ የማይነካ እጅ

አጣቢዋ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ ከክትባት መስጫው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ሲጨምቅ የኖረ ክንድ ነው። ሲስተሯ መርፌውን ከማንሳቷ በፊት የክትባቱን አስተባባሪ አየችው፤ እሱም የስም ዝርዝሩን በጣቱ ከላይ እስከ ታች ወረደበት።

«እማማ፣ እዚህ የሉም» አላት። «የዘንድሮው የጉንፋን ክትባት ጥቂት ነው። ታማሚ ለሚነኩ ሠራተኞች ብቻ ነው የተፈቀደው።»

«እኛስ?»

«ልብስ ማጠቢያ ታማሚ አይነካም።»

ወይ ጉድ! አጣቢዋ ደሟ ፈላ። ቤቷ ውስጥ፣ በአንዲት ክፍል፣ ያለ ቀኑ የተወለደ የሁለት ወር የልጅ ልጅ አላት። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ክትባቱ እንደማይሰጥ፣ በሽታው እንዳይደርስበት አብረውት የሚኖሩት መከተብ እንዳለባቸው የነገረቻት ይህችው ሲስተር ናት። ጉንፋኑን ይዛ ብትገባ ያ ጭብጥ የማይሞላ ደረት አይችለውም። ይህን ለአስተባባሪው መንገር ግን ልመና መሰላትና አስጠላት።

«እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች። እሱም እፎይ አለ። ቸኩሏል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ብርግድ አለ። አጣቢዋ የትኩሳት ክፍሉ አንሶላ የተቆለለበትን ጋሪ እየገፋች ገባች። ጣቱ በተቀደደ ጓንቷ ከላይ ያለውን፣ አክታ ያረጠበውን አንሥታ ዘረጋችለት።

«ተረከበኝ!»

ለወትሮው አንቱ ነበር የምትለው። አስተባባሪው አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ እስከ መስኮቱ አፈገፈገ።

«ምነው ሸሸህ? ታማሚ የለበትም እኮ!»

ተራ ከሚጠብቁት ነርሶች አንዷ ሳቋ አመለጣት።

«እማማ፣ ዝም ብለው ቢመለሱ ይሻልዎታል። ይሄ ከሥራ ያስባርራል።»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። ጉንፋን ግን ይገባል! አባርረኝና አንተ እጠበው። ሳንከተብ አንዲት ጨርቅ አንነካም፤ ከአጣቢዎቹ ሁሉ ጋር ተማክሬ ነው የመጣሁት።»

ፈርታለች፤ ምን ይደበቃል። ከዚህ ሥራ ሌላ የምታውቀው የለም። ሆኖም አንሶላውን ጋሪው ላይ መልሳ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ እጇን በሳሙና ታጠበችና ተመልሳ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ሐኪም ድምፅ ከማዳመጫው አልፎ ለሁሉም ተሰማ፤ ታማሚው ተዘጋጅቷል፣ ንጹሕ አንሶላ ግን ከልብስ ማጠቢያው አልመጣም፣ ምን ተፈጠረ? አስተባባሪው «እየተጣራ ነው» ብሎ ዘጋው።

«እኔ የምነካውን ሁሉ እሷ ታጥበዋለች» አለች ሲስተሯ፣ ቀስ ብላ። «ከእኔ በፊት የእሷ ስም ነበር መጻፍ ያለበት።»

አስተባባሪው እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ አሳረፈ።

«ስንት ናችሁ?»

አጣቢዋ ትክ ብላ አየችው። እየቀለደ አልነበረም። የለበሰውን ነጭ ካፖርት አጣቢዎቹ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያጥቡለት ኖረዋል፤ እሱ ግን ከእግሩ ሥር፣ ምድር ቤት ባለው ማጠቢያ ውስጥ፣ ስንት ሴቶች እንዳሉ አያውቅም።

«ወርደህ ቁጠረን» አለችው።