የዳይሬክተሩ ድምፅ

ሆስፒታሉን ለአሥር ዓመታት በቅንነት ያገለገለው የዳይሬክተሩ የይለፍ ቃል ሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም ተለየ። ሟቹ የዳይሬክተሩን የበኩር ልጅ ስም ከአንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጋር አጣምሮ የያዘ፣ ከካርድ ክፍል እስከ ልብስ እጥበት የማያውቀው ያልነበረ፣ ሲበዛ ተግባቢ ነበር። ገዳዩም አልተሰወረም፤ የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ከሌባ የሚጠብቀው፣ ባልደረቦቹ «ዘበኛው» የሚሉት ወጣት ነው።

«እኔን ነው የምትጠረጥረው?» ብለው ነበር ዳይሬክተሩ።

«እርስዎን አይደለም ዶክተር። ሌባው በየወሩ አዲስ ነገር ይማራል፤ እኛ አሥር ዓመት ሙሉ በአንድ ቁልፍ! ከእንግዲህ ውጭ ሆኖ የታካሚ ፋይል ማስከፈት የለም። የፈለገ በአካል ይመጣል።»

«ዳይሬክተሩም?»

«ዳይሬክተሩም።»

ደንቡን ፊታቸውን አጨፍግገው ፈረሙ። የእሱን የሥራ ውል ማደሻ ግን ሳይፈርሙ መሳቢያ ውስጥ ወረወሩት።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የዳይሬክተሩ፣ ድምፁ የዳይሬክተሩ፤ ከንግግር በፊት ጉሮሮ መጠራረጉ ሳይቀር የእሳቸው።

«ስማ አንተ ልጅ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ። ፋይሎቹን ክፈትልኝ፤ አሁኑኑ!»

ዘበኛው ቅንጣት አልተጠራጠረም። እሳቸው ናቸው። መሳቢያ ውስጥ የተኛው ውል ትዝ አለው፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱም። ከዚያ ደግሞ ለእናታቸው ያልነገሩትን ሕመም ለዚህ ሆስፒታል የነገሩ ሰዎች ትዝ አሉትና ደሙ ፈላ።

«በአካል ይምጡ።»

«ከማን ጋር እንደምታወራ ታውቃለህ?»

«አሳምሬ!»

«ሥራህን ጠልተሃል ማለት ነው!»

«ስለምወደው ነው» አለና ጆሯቸው ላይ ዘጋው።

አጠገቡ የነበረችው የካርድ ክፍል ኃላፊ አፏን በእጇ ያዘች። «አበድክ እንዴ ወንድሜ? ዶክተሩ ላይ ስልክ ይዘጋል?»

«ይኸው ተዘጋ።»

እሱ ኩባያውንና ቻርጀሩን ቦርሳው ውስጥ ሲከት፣ እሷ ልትለምንለት ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ሮጠች። ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ና፣ ይፈልጉሃል። ከጠዋት ጀምሮ ቀዶ ጥገና ላይ ነበሩ፤ ለማንም አልደወሉም!»

የሆስፒታሉ ስልክ የቀዳውን ጥሪ ቢሮው ውስጥ አብረው አዳመጡ። ዳይሬክተሩ በየቴሌቪዥኑ የሰጡትን የጤና ምክር ሌባ ለቃቅሞ፣ ድምፃቸውን በኮምፒውተር ፈብርኮ፣ ቁጥራቸውንም አስመስሎ ደውሏል። ቅጂው ጉሮሮውን ሲጠራርግ፣ እሳቸውም ሳይታወቃቸው ጠራረጉ።

ውሉን ከመሳቢያ አወጡ፤ ብዕራቸውንም ከፈቱ።

«የወለደችኝ እናቴ እንኳ አትለየውም!» አሉ እየተደነቁ። «አንተ እኔ አለመሆኔን በምን አወቅህ?»

የካርድ ክፍል ኃላፊዋ ብልሃቱን ለመስማት ጆሮዋን አቆመች። ብዕሩ ከወረቀቱ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ደንቡ ለዳይሬክተሩም ነው፤ ከዚያ በላይ አላብራራም፣ ዶክተር» አለ ዘበኛው።