ለዌስሊ የተያዘ ቦታ

ኢዞቤል ካንሰሩ ሲጠናባት ወንድሟ ዌስሊ ቤልፋስት ሆስፒታል ድረስ ይመላለስ ነበር። ሆስፒታል የማንም ሃይማኖት አይደለምና አይከብደውም። ቤቷን ግን፣ በአንድ የከብት መስክ ብቻ ተለያይተው እየኖሩ፣ የፕሮቴስታንት ልጅ ሆና ካቶሊክ አግብታ ካቶሊክ ከሆነች ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ድንች ሲቆፍር አንድ ጆንያ አጥሯ ሥር ያስቀምጥና እንደ ሌባ ሹልክ ይላል። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ስንት ዘመን ስቄበታለሁ።

«ዌስሊ፣ ስቀበር ውጭ እንዳትቆምብኝ» አለችው አንድ ቀን፣ እኔም ሆስፒታል ልጠይቃት ሄጄ ሳለ።

«አሁን ማን ሞቶ ነው ስለ ቀብር የምታወሪው?»

«እኔ ነኛ። አታድርቀኝ።»

ያለምክንያት አላለችውም። ታላቅ ወንድማቸው ሮይ ፖሊስ ነበር፤ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በሚገዳደሉበት በዚያ ክፉ ዘመን የኛዎቹ ትራክተሩ ላይ እንዳለ በጥይት ገደሉት። የኛዎቹ የምለው እኔም ካቶሊክ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ስም ባገኝላቸው ደስ ባለኝ። በቀብሩ ቀን ኢዞቤል ጥቁር ለብሳ መጣች። ዌስሊ የፕሮቴስታንቶቹ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጠብቆ «ወደ ባልሽ ሰዎች ሂጂ» አላት። ጸሎቱ እስኪያልቅ ዝናብ እየመታት አጥሩ ሥር ቆመች።

በሷ ቀብር ዌስሊ በማይታጠፍ እግሩ እያነከሰ፣ ሣጥኑን ከልጇ ከፈርገስ ጋር ተሸክሞ እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ደጅ መጣ። እዚያ ቆመ።

«አጎቴ፣ ግባ እንጂ» አለው ፈርገስ ቀስ ብሎ።

«የናንተን ቤተ ክርስቲያን ላልረግጥ ላባቴ ምያለሁ።»

«እሳቸው እኮ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለና ሸክሙን ለኔ ለቀቀልኝ።

ውስጡ ጢም ብሎ ግድግዳ ተደግፎ የቆመም ነበር። ፊት አግዳሚው ላይ ግን፣ ከባሏ ከማላኪ አጠገብ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶውን ነበር። ልቀመጥ ስል ማላኪ በእጁ ከለከለኝ።

«የዌስሊ ነው። ያዙለት ብላለች።»

ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም።

ከቀብር መልስ ለዌስሊ ነገርኩት። «ዳር ነው መሃል?» አለኝ።

«ዳር።»

«ልጆች ሆነንም ዳሩን ለኔ ነበር የምትይዘው። እግሬን እንድዘረጋ።»

በሌላው ሳምንት የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። ቄስ የለ፣ ምእመን የለ። ዌስሊ ብቻውን ፊት አግዳሚው ዳር ላይ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ኮፍያው አጠገቡ አግዳሚው ላይ ነው። አሳዘነኝና አብሬው ልቀመጥ ኮፍያውን ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ።

«ሰው አለው» አለኝ።