ከፎርማው አልላቀቅ ያለው ጀልባ

አሥራት በዕድሜው ጀልባ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ቡራዩ ውስጥ በርና ቁም ሣጥን ሲሠራ የኖረ አናጢ ነው፤ ሰፊ ውኃ አየ ቢባል ገፈርሳን በታክሲ መስኮት ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሌላውን ሥራ ሁሉ ወዲያ ብሎ ጀልባ ልሥራ ያለው። አጠገቡ ብረት የሚበይደው ኢፋ በበሩ አጮልቆ አይቶ፣ «ኦቦ አሥራት፣ ጎርፍ ይመጣል ሲባል ሰምተሃል እንዴ? ለእኛም ቦታ ያዝልን እንጂ» እያለ ሲስቅበት ሰነበተ።

ጀልባው ለውኃ አልነበረም፤ ለጠይባ ነበር። ጠይባ ሰበታ ላይ ዓሣ ቤት ልትከፍት ነው፤ ልጅነቷ ደግሞ ያለፈው ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ነው። የዓሣ ቤቱን ባንኮኒ የሚሠራላት አሥራት ሲሆን፣ ከባንኮኒው ጋር እሷ ሳትሰማ የሰው ቁመት የሚያህል የጌጥ ጀልባ ሊያበረክትላት ቆርጦ ተነሥቷል።

ነገሩ የቆየ ነው። ሚስቱ ቤተልሄም ያኔትን በወለደች ሰሞን ክፉኛ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ሕፃኗ ጡጦ አልይዝ ብላ ስታለቅስ፣ ያን ጊዜ አጥር የሚጋሩት ጎረቤታቸው ጠይባ፣ ልጇን የሱፍን ታጠባ ነበርና፣ ማንም ሳይጠይቃት መጥታ ያኔትን ከአሥራት እጅ ተቀበለቻት። ቤተልሄም ድና እስክትመለስ ሁለቱን እኩል አጠባች። ያኔት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው። አሥራት ግን ጠይባን አንድም ቀን በወጉ አመስግኖ አያውቅም። ሳይፈልግ ቀርቶ አይደለም፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «እስቲ ተወኝ» ብላ ወሬ ትቀይርበታለች። ሳያመሰግናት መቅረቱ እስከ ዛሬ ይከነክነዋል። ሰበታ ገብታ ሥራ ከያዛት በኋላማ መቼ ትገኛለች? አፌ ካልቻለ እጄ ይናገር ብሎ ነው የጀመረው።

አሠራሩን የተማረው ከዩቲዩብ ነው፤ ያውም ድምፁን ዘግቶ፣ ቋንቋው አይገባውማ። መጀመሪያ የጀልባውን ሆድ ቅርጽ የሚያስይዙ ፎርማዎችን ከሳንቃ ቆርጦ፣ አንድ ረጅም ሞራሌ ላይ በብሎን እያሰረ ደረደራቸው። ከዚያ ዋንዛና ጽድ አሳስቶ ሰነጠቀና፣ ጀልባውን በአፉ ደፍቶ፣ ቀጫጭኑን ጣውላ በፎርማዎቹ ላይ እያጎበጠ ጎን ለጎን ለበጠው። ቀላና ቡኒው እየተፈራረቀ ሲወጣ ራሱም እጁን ማመን አቃተው። በቪዲዮው ላይ ፈረንጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የፎርማዎቹን ጠርዝ በሚለጠፍ ፕላስተር ሲለብድ አይቷል፤ ፈረንጅ መቼም ነገር ማሳመር ይወዳል ብሎ አለፈው። ቁም ሣጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ሕጉ አንድ ነው፤ እንጨት ከእንጨት በተገናኘበት ሁሉ ኮላውን ግጥም አድርጎ መቀባት። እሱም ቀባ።

ፕላስተሩ ለምን እንደነበረ የገባው ጀልባውን ከፎርማው ላላቅቅ ባለ ጊዜ ነው። ሳበው፣ ነቀነቀው፣ በመሮ ሞከረው፤ ወይ ፍንክች፤ ኮላው ጣውላውን ከፎርማዎቹ ጋር አጣብቆታል። በመዶሻ ቢለው ቀጭኑ ጣውላ መሰንጠቁ ነው። ዓሣ ቤቱ ደግሞ የሚከፈተው ነገ ነው። አሥራት ፍቅፋቂው ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ማልቀስም ቃጥቶት ነበር።

ጠይባ ባንኮኒዋን ልታስጭን አይሱዙ ይዛ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው። «ስልክ የማታነሣው ምን ሆነህ ነው?» እያለች ገባችና ጀልባውን ስታይ ቆመች። ጠጋ ብላ ሆዱን በመዳፏ ዳበሰችው።

«የማን ነው?»

«ያንቺ ነበር። አበላሸሁት እንጂ» አለና የሆነውን ሁሉ ነገራት።

ጠይባ ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። «ታዲያ ሳንቃዎቹ ካልወጡ ምን አስጨነቀህ? ከሞራሌው ፍታውና በጫፉ አቁመው። መደርደሪያ ማለት እኮ ናቸው። ብርጭቆ እደረድርባቸዋለሁ።»

አሥራት ሳቁ አመለጠው። ብሎኖቹን ፈታና፣ በሹፌሩ አጋዥነት ጀልባውን ቀጥ አድርገው አቆሙት። ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሮ የነበረው ጎኑ ታየ። አሥራት በጋለ ብረት ጽፎበታል፦ «ለጠይባ፤ ስለ ያኔት እናመሰግናለን»።

ጠይባ አነበበችውና ፊቷ ተለዋወጠ። «ይሄን አጥፋልኝ» አለች።

«ለምን? ይሄን ልልሽ እኮ ነው ስንት ዓመት…»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የማላስጨርስህ።» ጣቷን የያኔት ስም ላይ አሳረፈች። «በእኛ ዘንድ ያጠባች እናት ናት። ያኔት የየሱፍ እህት ናት፣ የኔም ልጅ ናት። ሰው የገዛ ልጁን ስላጠባ ይመሰገናል እንዴ፣ አሥራት? አንተ ባመሰገንከኝ ቁጥር የሰው ልጅ ነው ያጠባሽው እያልከኝ ነው። ልጄን እየወሰድክብኝ ነው።»

አሥራት ያን ሁሉ ዓመት አፉ ላይ የያዘው ምስጋና እሷን እንደሚያስከፋት ለአፍታ እንኳ አስቦት አያውቅም። አፈረ፤ ደስም አለው፤ ሁለቱ ተደባለቁበት። መላጊያውን አነሣና ጽሑፉን በስሱ ይልገው ጀመር። ፊደሎቹ ጠልቀው ስላልገቡ ብዙም አላስቸገሩት፤ ጠይባ እስኪጠፉ ድረስ አጠገቡ ቆማ አየች።

በማግስቱ አሥራት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከቤተልሄም ጋር ሰበታ ሄደ። ጀልባው ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ብርጭቆ ተደርድሮበታል፤ ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሏል። ጠይባ ለሁሉም እጅ እየነሣች ታስተናግዳለች። ባልና ሚስቱ ከእንግዶቹ ጎን ቦታ ይዘው ገና ከመቀመጣቸው ከፊታቸው ተገተረች።

«እናንተ ደግሞ እንግዳ ናችሁ እንዴ የተቀመጣችሁት? ቤቲ፣ ጓዳ ገብተሽ ሎሚ ቁረጪ። አሥራት፣ ኮትህን አውልቅና ሰሐን አቀብል፤ ሰዉ ተርቧል። ያኔት እንደሆነች ከጠዋት ጀምሮ ዓሣ ትጠብሳለች።»

አሥራት ኮቱን አወለቀ፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ትሪውን ተሸከመ። ወደ ጓዳ ሲገባ «ተመስገን» አለ፤ ጠይባ እንዳትሰማው ቀስ ብሎ።