ወፍራም ደሃ

እኔ ወፍራም ነኝ። ምን ታደርጉኛላችሁ! ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ ጥልፍ እየጠለፍኩ ዳቦና ድንች ስበላ ምን ልሁን? በእኛ ሰፈር በቀራንዮ ግን ወፍራም ሴት የተመቻት ሴት ናት፤ በቃ፣ ይግባኝ የለውም።

በደርግ ጊዜ ነው፣ አንድ ዓመት ራሴን ያመኝ ጀመር። ብድግ ስል ዓይኔ ጭልም ይልብኛል፣ ጆሮዬ ውስጥ ሹው ሹው የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት አይቶ፣ "ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ ጨምሮ የዓይንሽን ነርቭ ተጭኖታል። ሆስፒታል ገብተሽ ከጀርባሽ ይቀዳልሽ፣ ክብደትም ቀንሺ። ከዘገየሽ ትታወሪያለሽ" አለኝ። መታከሚያ ገንዘብ የለኝም። የነፃ ሕክምና ወረቀት የሚሰጠው ደግሞ ቀበሌ ነው።

ሊቀመንበሩ ጓድ ኃይለ መስቀል ራሱ ከሲታ ነው፤ ሱሪውን የያዘለት ቀበቶው ብቻ ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ "አብዮቱ ነፃ ሕክምና የሰጠው ለጭቁኑ ነው። አንቺ የትኛው ጎንሽ ነው የተጨቆነው?" አለኝ።

"ዓይኔ!" አልኩት።

ሳቀብኝ። ብለምነው፣ ብጨቀጭቀው፣ በስንት መከራ "እሺ፣ ቤትሽን አይቼ እወስናለሁ" አለ።

የመጣ ዕለት ጉዴ ፈላ! የሰፈሩ ሴቶች ታማለች ብለው ሊጠይቁኝ መጥተዋል፤ በሽተኛ ቤት ደግሞ ባዶ እጁን የሚሄድ የለም። ወርቄ ገንፎ በቅቤ፣ በላይነሽ ዶሮ ወጥ፣ አልማዜ ወተት በጆግ። ቤቴ ሠርግ ቤት መስሏል።

"ደሃዋ እንዲህ ነው የምትበላው?" አለ ኃይለ መስቀል በሩ ላይ ቆሞ።

ወርቄ ተነሳች። "ገንፎው የኔ ነው!" ብላ ይዛው ወጣች። በላይነሽ ድስቷን፣ አልማዜ ጆጓን አንስተው ተከተሏት። ወርቄማ ተመልሳ ጠረጴዛውንም ተሸከመችው፤ ለካ እሱም የሷ ነበር፣ ተውሼ ረስቼዋለሁ። እኔ፣ አልጋዬና የጥልፍ ክሬ ቀረን። ሐኪሙ ያዘዘውን ጾም ጎረቤቶቼ በአንዴ አስጀመሩኝ።

ኃይለ መስቀል ሳቁ አመለጠው። ጠረጴዛ ስለሌለ የነፃ ሕክምናውን ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፈረመ።

"እንኪ" አለኝ። ብድግ ብዬ እጄን ዘረጋሁ፤ ወረቀቱን አጣሁት። እንደገና ዘረጋሁ፤ የኮቱን ቁልፍ ያዝኩ። ሳቁ ቆመ።

"ይሄን ያህል ነው እንዴ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ይሄን ያህል ነው ጓድ። እስካሁን የምለምንዎት ለምን መሰለዎት?"

ወረቀቱን መዳፌ ላይ አስቀምጦ ጣቶቼን አጠፈልኝ። ከዚያ ወርቄን ተጣርቶ፣ "አሁኑኑ ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ፣ እጇን እንዳትለቂ" አላት። ያን ጊዜ አለቀስኩ፤ በጣም ፈርቼ ነበር።